ዘርአ ዳዊት የተቆጣ ዕለት

ከዚህ ወሬ ላይ አንዲት ፊደል ከጨመርኩ የጥቅምት ውርጭ ከነአልጋዬ ያድርቀኝ፤ ጓድ ይርጋለም ብዕሩን አነሣና በዘርአ ዳዊት የምዘና ቅጽ ላይ፣ «የሒሳብ ሥራ ችሎታ» ከሚለው አጠገብ፣ «ደካማ» ብሎ ጻፈ።

ዘርአ ዳዊት አንገቱን አስግጎ አነበበው። አዲስ አበባ ሒሳብ አያያዝ የሚማር ልጅ ነው። ለክረምት የሥራ ልምምድ ደብረ ብርሃን ተልኮ፣ ጓድ ይርጋለም በሚመራው የመንግሥት ገንዘብ ቤት ሁለት ወር ከርሟል። ይህን ቅጽ «ደካማ» እንዳለ ይዞ ከተመለሰ ዓመቱን ይደግማል። አንኮበር ያሉት አባቱ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ደግሞ እሱን ለማስተማር የሸጡት በግ ቢሰለፍ ጫፉ ጣርማ በር ይደርሳል።

«ጓድ ይርጋለም» አለ፣ «እኔ እኮ አንድም መዝገብ ነክቼ አላውቅም።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ኃላፊው የብዕሩን ክዳን እየገጠመ። «ያልነካኸውን ሥራ እንዴት አድርጌ ‹በጣም ጥሩ› ልበልልህ? ውሸት መጻፍ በአብዮቱ ላይ መቀለድ ነው።»

ሰማችሁልኝ? ልጁ በመጣ በመጀመሪያው ጧት የሰዓት ፊርማ ላይ ስሙን ሲያሰፍር፣ የእጅ ጽሑፉን አይቶ አፉን የከፈተው ይኸው ጓድ ይርጋለም ነው። የመሪጌታ ልጅ፣ ቁም ጽሕፈት ከአባቱ ብራና ሥር የተማረ፤ ፊደሉ እንደ ምእመን ቀጥ ብሎ ቆሞ ያስቀድሳል። አብዮቱ መስከረም ላይ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነውና መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መፈክር አዘጋጅ ተብሏል። ከዚያች ጧት ጀምሮ ለልጁ የተሰጠው ብሩሽ፣ ነጭ ቀለምና ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። ሰባ መፈክር ጻፈ። ሰባ! ጨርቁ ቢዘረጋ የአሊዩ አምባን ገበያተኛ አልብሶ ለአህዮቹ ይተርፋል። ከአዲስ አበባ ቀርጾ ያመጣቸው ሦስት እርሳሶች እንደተቀረጹ ናቸው።

«ሒሳቡስ?» ባለ ቁጥር፣ «መጀመሪያ መፈክሩ፤ ሒሳቡ የትም አይሄድብህ» ይባላል። አንድ ቀን የገቢ መዝገቡን ከፈት ቢያደርግ ጓድ ይርጋለም ከእጁ መንጭቆ፣ «በቀለም ልታበላሽብኝ!» ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ቀለሙን በእጁ ላይ ያመጣው ማን ሆነና!

አሁን ቅጹን ገፋ አደረገለት። «‹በምዘናው ተስማምቻለሁ› ከሚለው ሥር ፈርም።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

ዘርአ ዳዊት ብድግ አለ። ጠረጴዛውን በቡጢ ሲለው ዋንዛው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትተይበው አሲያ ጣቶቿ አየር ላይ ቀሩ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው በረዶ እንኳ ለመስማት ቆመ።

«ስማ!» አለው፤ «እርስዎ» የሚባለው ወንበሩ ላይ ቀርቷል። «በሬ ጠምደህ ክረምቱን ሙሉ ስታርስበት ከርመህ፣ በመጨረሻ ‹ወተት አልሰጠኝም› ብለህ ልትከሰው? ቁልፉ ያንተ ኪስ ውስጥ፣ መዝገቡ ያንተ ሣጥን ውስጥ፣ ደካማው እኔ? የሁለት ወር ጊዜዬን በልተህ አፍህን እንኳ ሳትጠርግ ‹ፈርም› ትለኛለህ?»

ድምፁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ተሰማ። የጓድ ይርጋለም ፊት አመድ መሰለ። «ልጄ፣ ተረጋጋ፣ ተሳስቼ ነው፣ እሰርዘዋለሁ» እያለ ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ዘርአ ዳዊት በሩን ደርግሞ ወጣ።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ወልደአረጋይ ጋቢያቸውን ተከናንበው መዝጊያው ሥር ቆመዋል።

«እህሳ፣ የኛ ጸሐፊ፣ እንዴት ሆነልህ?»

ነገራቸው። ልክ እኔ ለእናንተ እንዳወጋሁት፦ ሰባውን መፈክር፣ ቡጢውን፣ የተሰነጠቀውን ዋንዛ፣ በሬውንና ወተቱን። ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን እየደቁ፣ «እሰይ! እሰይ የአንኮበር ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። የዘርአ ዳዊት ደረት በአንድ ክንድ ሰፋ።

አሲያ ካፊያውን እየሸሸች ግቢውን አቋርጣ መጣች። ሻሿ ሥር አንድ ወረቀት ሸሽጋለች።

«ጥለኸው ወጣህ» አለችው።

«እትዬ አሲያ፣ አንቺ ነበርሽ፤ ንገሪያቸው እስቲ!»

አሲያ ሽማግሌውን አየች፤ ከዚያ እሱን። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወላሂ፣ ወንድም ዓለሜ፣ አንዲት የቁጣ ቃል ከአፍህ አልወጣችም። መፈክሩም አራት ነው። ‹ፈርም› ሲልህ ጎንበስ ብለህ ፈረምክ፤ ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ጓድ› አልከው። በሩንም እንዳይጮህ ብለህ በሁለት እጅህ ነው የዘጋኸው።»

ወረቀቱን አቀበለችው።

«በል ከኮትህ ውስጥ አድርገው፤ ፊርማህ ገና እርጥብ ነው።»