የላሜራው ፊት

ወንድሟ ሲራክ በሊቢያ በኩል አውሮፓ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እናቷ ግን ይመጣል እያለች አልጋውን ታነጥፋለች። ልጅቷ እናቷን የምታጽናናበት ቢጠፋት ሰፈሯ ካለው ጋራዥ ሄደች። ባትላሜራው ጋሽ ኑረዲን የተጋጨ መኪና ሲያቃኑ ውለው፣ በተራረፈው ላሜራ የሰው ምስል ይሠራሉ። እንዲያስተምሯት ለመነቻቸው።

«ብረት በጉልበት እሺ አይልም» አሏት። «ከውስጥ በኩል ቀስ እያልሽ ግፊው። ሲበዛበት ይቀደዳል።»

የምስሉን ጉንጭ ስታወጣ አፍንጫው ተቀደደ፤ ጣቶቿ ቆሰሉ፤ ደጋግማ ጣለችው። ክረምቱ ሲወጣ ግን የሲራክ ፊት ከላሜራው ላይ ፈገግ አለ።

በጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ እናቷ ፊት አቆመችው። እናቷ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን በጣቷ ዳሰሰች።

«እሱ ራሱ ነው» አለች።

«እንዲያጽናናሽ ብዬ ነው የሠራሁት፣ እማዬ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ሰው ነው። መርዶውን መቼ ሰማሽ?»

ልጅቷ ምንም እንዳልሰማች ማለች። እናቷ ግን ጥቁር ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ ለበሰችና፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ እድርተኛውን ልትጠራ ወጣች።