ያልተላጨ ጉንጭ

ልጅ ሳለች በግድግዳ በኩል ከሰማችው ጠብ የቀረላት፣ አባቷ ታናሽ ወንድሙን «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» ያለው ብቻ ነበር። የጠቡን መነሻ አላወቀችም።

አሁን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን አባቷን እየላጨች ነበር። ውጭ አገር ዓለም አቀፍ ግንኙነት በማስተርስ የምትማርበት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ እሺ የምትልበት የመጨረሻው ቀን ደርሶባታል። እሷ ስትሄድ አባቷን ላስታምም ያለው ያው አጎቷ ብቻ ነበር፤ ወንድሙ ግባ እስኪለው ከውጭ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«አገር ከአገር ልታስታርቂ ነው አሉ» አለ አባቷ እያሾፈ።

«ሁለት ወንድማማቾች ካቃቱኝ፣ አገሩን በምን አፌ? እቀራለሁ፣ አባዬ።» ምላጩን አስቀመጠች።

አባቷ ደኅናውን እጁን አንሥቶ መጀመሪያ የተላጨውን፣ ቀጥሎ አረፋ የለበሰውን ጉንጩን ዳሰሰ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚጸልይ መሰላት።

«በይ ጥሪው» አላት። «አረፋው ሳይደርቅ የቀረውን እሱ ይላጨኝ።»