ሰባተኛው ጉድጓድ

"ይቺ መስመር ምን ሆና ነው ቀጥ ያለችው?" አለ አውሊስ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ።

ሳኒ ፈገግ አለች። ከመንገድ ቢሮ የመጣች ወጣት መሐንዲስ ናት። የበረዶውን ውፍረት ይለካ የነበረው አውሊስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተዘግቶ የቆየውን፣ በሐይቁ በረዶ ላይ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ዛሬ ጠዋት የከፈተችው እሷ ነች።

"የእርስዎ ደብተር ነዋ ያቀናት፣ ጋሽ አውሊስ! እኛ መለኪያ የቀበርነው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን መሣሪያው ከእርስዎ የሃያ ስምንት ዓመት ቁጥር እያሰላ ይሞላዋል። ሰባተኛው ነጥብ ላይ በረዶው ሁልጊዜ ወፍራም ከሆነ ምን አዞረን? ሦስት ደቂቃ አተረፍን።"

ሰባተኛው ነጥብ አረንጓዴ ነው። ከጎኑ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ይላል።

አውሊስ ሐይቁ ዳር ባለችው የመንገድ ጠባቂ ጎጆ መስኮት ወደ በረዶው አየ። የልጁ የቱሊያ ነጭ መኪና ከዳር ወርዳ በረዶው ላይ መንገድ ጀምራለች። ቱሊያ ማዶ ያሉትን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም ነርስ ናት። ቀድማ እንድትሻገር የመረጧት ለአባቷ ክብር ሲሉ ነው። በረዶው ቢከዳ ዘላ መውጣት እንድትችል፣ እዚያ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው፣ ቀበቶዋን ፈትታ መስኮቷን ከፍታለች።

በሥራ ዘመኑ፣ በረዶው እየተበሳ በሚለካበት በዚህ ነጥብ፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ፣ አውሊስ አንድ ጠዋት እስከ ብብቱ ሰምጦ ነበር። ከሥሩ ወንዝ የሚገባበት፣ በረዶው የሚሳሳበት ቦታ ነው። እንዴት እንደወጣ እሱ ራሱ አያውቀውም፤ ዳግመኛ ግን አልረገጠውም። ምልክት እንጨቶቹን ነቅሎ ወደ ምሥራቅ አሻገራቸው፣ መንገዱም ዞሮ ሄደ፣ ማንም አልሞተም። መስመጡን ለአለቆቹ መናገር ግን አፈረ። ደብተሩ ላይ የስድስተኛውንና የስምንተኛውን አማካይ እየያዘ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ለሰባተኛው ይሞላለት ነበር። ማን ሊያነበው? ቁጥር ያኔ ለእሱ ቢሮ ተልኮ ሣጥን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ነገር ነበር።

ልቡን ከታመመ በኋላ ነው ከቁጥር ጋር የታረቀው። ቱሊያ የገዛችለት ሰዓት እንቅልፉን፣ እርምጃውንና የልብ ምቱን ይቆጥርለታል። ተኛ ሲለው ይተኛል፣ ተነሥ ሲለው ይነሣል። እዚያም ውስጥ እንደሱ ያለ አንድ ሰነፍ ተቀምጦ እየሞላ ይሆን ብሎ ጠርጥሮ አያውቅም።

ሰዓቱ እጁ ላይ ነዘረ። መቶ ሠላሳ ስድስት።

ደብተሮቹ ከጀርባው ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። በመላው ፊንላንድ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም ብለው ስሙን በነሐስ ጽፈውበታል። ምናልባት ዘንድሮ ብርዱ ስለጠና ሰባተኛውም ጠንክሮ ይሆናል አለ በልቡ። ምናልባት። መኪናዋ ሦስተኛውን እንጨት አለፈች። ምናልባት በሚለው ቃል ልጁን ሊያሳልፍ እንደሆነ ሲገባው ወደ ሳኒ ዞረ።

"ሰባት ውሸት ነው!" አለ።

"ምን አሉ?"

"አልለካሁትም! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት። ደውይላት፣ ቶሎ!"

ሳኒ ፊቷ አመድ መሰለ። ደወለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቱሊያ፣ እኔ ነኝ።"

"አባዬ! መንገዱ ቀጥ ብሎ እንዴት እንደሚያምር ብታይ!"

"እንዳትቆሚ። የቆመ መኪና በረዶውን ይጫነዋል። ስድስተኛው እንጨት ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ ታጠፊ፣ እንደድሮው ዙሪ።"

"ምን ነካህ? የመኪናዬም ስክሪን ሠላሳ ስምንት ይላል እኮ።"

"ሠላሳ ስምንቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

መኪናዋ አምስተኛውን እንጨት አለፈች።

"አንተ?"

"እኔ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። ልጄ፣ ስድቡን በኋላ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን ታጠፊ!"

መኪናዋ ስድስተኛው እንጨት ጋ ደረሰች። ቀጥ ብላ የምታልፍ መሰለው፤ ጠረጴዛውን ጨብጦ ቀረ። ከዚያ ነጭዋ መኪና ወደ ቀኝ ታጠፈች። በተከፈተው መስኮት ከመኪናዋ ሥር የሚንጣጣው በረዶ ጩኸት ገብቶ በስልኩ ውስጥ አለፈ።

"ይጮሃል" አለች ቱሊያ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ይጩህ። ይህኛው ይችልሻል። በዝግታ ሂጂ።"

እንጨቶቹን ቆጠረላት፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ማዶ ስትወጣ "ደርሻለሁ" አለች። አባዬ አላለችውም። ስልኩ ተዘጋ።

ሳኒ የመንገዱን በር ዘግታ ተመለሰችና ሠላሳ ስምንቱን አጠፋችው። መሣሪያው ቀይ ጽሑፍ አወጣባት።

"ባዶ አልቀበልም ይላል" አለች፣ ሳታየው። "ስንት ልበለው?"

አውሊስ መሰርሰሪያውን ከግድግዳው አወረደ። ሰዓቱ ዕረፍት አድርግ እያለ ይነዝራል። ረጅሙን ገመድ ሰጣትና ወገቡን አመለከታት። "አጥብቀሽ እሰሪው። ራቅ ብለሽ ተከተይኝ፣ ደብተርም ያዢ።"

ሰባተኛው ቦታ ላይ በሆዱ ተኛ። መሰርሰሪያውን ጥቂት እንዳዞረው ከእጁ ሊያመልጥ ሲል ያዘው፤ ጥቁር ውኃ ፈልቆ ጓንቱን አረጠበው። መለኪያውን ሰደደ፣ አወጣ፣ ሁለት ጊዜ አየው።

"ዘጠኝ ሳንቲሜትር!" ብሎ ጮኸ።

"ዘጠኝ!" አለች ሳኒ ከኋላው እየጻፈች።

ቀና ሲል ነጭዋ መኪና ማዶ ዳር ላይ ናት። ገና አልሄደችም።