የሠራተኞች ስም

አናጢው መሳቢያውን አንዴ ወደ ውስጥ ገፋው፣ አንዴ ወደ ውጭ ሳበው። ቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ ይይዛል። አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመውና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያሸው ጀመር።

ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው የእህቱ ልጅ በሩ ላይ ስትቆም ቀና ብሎ አያት። ሌላ ጊዜ ገና ከሩቁ ነበር የምትጣራው።

«ግቢ እንጂ። ውሉ ተፈረመ?»

«ጠዋት ተፈረመ፣ ጋሼ።» ገባች፤ ግን አልተቀመጠችም።

ሰፈሩ ለወራት ስለዚሁ ሽርክና ሲያወራ ነው የከረመው። ከተማው ቦታ ይሰጣል፣ ከሌላ ከተማ የሚመጣው ኩባንያ ማሽን ያስገባል፣ የሰፈሩ አናጢዎች አብረው ይሠራሉ። የሚሰጠው ቦታ ደግሞ አሁን የሚሠሩበት ነው። ሽርክናው ውስጥ የገባ ይቆያል፤ ያልገባ ይነሳል።

«እኛስ?»

«ሽርክናው ውስጥ አልገባችሁም።»

ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ የነበረው መጋዝ ዝም አለ። ጆሮው የማይተኛው ጎረቤቱ በር ሠሪው፣ «ጋሼ፣ ሹመቱ መጣ እንዴ? እኛንም ዘበኛ እንኳ ያድርጉን» አለ። ከወዲያኞቹ ክፍሎች ሳቅ ተሰማ፤ ሽርክናው ሲጀመር አናጢው አለቃ ሆኖ ይሾማል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አናጢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን አጠፋን?»

«ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ነበር የተፈለገው። የናንተ ፎርም ላይ ያለው አንድ ስም ነው። ያንተ።»

የሽርክናው ፎርም የመጣ ዕለት የሰፈሩ አናጢዎች አሥራ ሁለታቸውም እዚሁ ተሰብስበው ነበር። እሱ ስሙን ጽፎ እስክሪብቶውን ለበር ሠሪው ሰጠው። በር ሠሪው «እርስዎ እያሉ የኛ ስም ምን ያደርጋል? ነውር ነው» ብሎ ለቀጣዩ አሳለፈው። እስክሪብቶው ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሱ እጅ ገባ። ሁሉም መጋዝ አያያዝ የተማሩት ከእሱ ነው፤ ከስሙ ሥር ስሙን ሊያሰፍር የደፈረ አልነበረም። እሱም ደስ ብሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

«አሁን ብንጽፍስ?»

«ተፈርሟል እኮ፣ ጋሼ።» ጫማዋን አየች። «አንተን ብቻ እንዲያስገቡህ ለምኛቸው ነበር። ዕድሜህን አዩና ተዉት።»

«መቼ ነው የምንነሳው?»

«ወር ሳይሞላ።»

ልትስመው ጎንበስ አለችና ተወችው፤ ወጣች።

መጋዙ እንደገና ጀመረ። አናጢው ከጥግ አንድ ቁራጭ ጣውላ አነሳና ፎርሙ ላይ የቀሩትን ስሞች በእርሳስ ይጽፍ ገባ፤ በመጀመሪያ በር ሠሪውን። ስሙን ጻፈና ቆመ።

«ስማ፣» አለ ወደ ግድግዳው። «ያባትህ ስም ማን ነበር?»

«ምነው፣ ለሹመቱ ነው?»

«ለሹመቱ ነው።»

በር ሠሪው ጮክ ብሎ፣ እየሳቀ፣ እስከ አያቱ ነገረው። አናጢው ጻፈ። ሌሎቹንም በየክፍላቸው ተራ፣ አንድም ሳይዘል ጻፈ። የራሱን መጨረሻ ላይ አሰፈረ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገና ጣውላውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቆመው።