ገንዘቡ የተመለሰለት ልጅ

ሰውየው በኢንተርኔት የተበላ ገንዘብ አስመልሳለሁ ባይ ነው። ለአንዲት ወጣት በቴሌግራም ድምፁን እየቀረጸ ይልክላታል፤ ዓይናቸው የደከመው እናቷም አጠገቧ ተቀምጠው ያደምጣሉ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ወንድምሽ ባጃጁን ሸጦ ያስገባው ብር አልጠፋም። አንቺ ብቻ የማስለቀቂያውን አስር ሺህ ላኪልኝ።»

«እሱንም እንዲህ እያባበሉ ነው የበሉት» አለችው። «አንተን በምን ልመንህ?»

«ኧረ ተይ፣ ሰውየውን አታስቀይሚብኝ!» አሉ እናቷ። ለአስር ሺው ሲሉ የአንገት ሀብላቸውን ሸጠዋል።

ሰውየው ግን አልተቀየመም። «አልፈርድብሽም፣ ሌባው በዝቷል» አለና ብራቸው የተመለሰላቸውን ሰዎች ፎቶ ላከላት። አንዲት ነርስ ከነዩኒፎርሟ። አንድ ጡረተኛ። ሦስተኛው ሰማያዊ ባጃጅ ተደግፎ የሚስቅ ወጣት ነው።

ይህን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ወንድሟ ራሱን ያጠፋ ጊዜ ለቀብሩ ጥቁር ቲሸርት ላይ ያሳተመችውም ይህንኑ ነው። አሁንም ለብሳዋለች።

የሰውየው ድምፅ ተከተለ። «የመጨረሻው ልጅ ባለፈው ሳምንት ሙሉውን ተቀብሏል። ካላመንሽኝ ስልኩን ልስጥሽና ራሱን ጠይቂው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?» አሉ እናቷ። «ደውዪለት እንጂ!»