የዞረው በረባሶ

ማኅሌት ለፎቶግራፍ ትምህርቷ የመረጠችው፣ የላሊበላ ሰው ቅዳሴ ሲገባ ደጅ አውልቆት የሚገባውን ጫማ ነበር። እሁድ በመጣ ቁጥር ሰው ሳይወጣ በፊት ቀድማ ፎቶ ታነሳዋለች።

መምህሯ ጋሽ ምንይችል ፎቶዎቹን በተራ አዩላት።

«ጎበዝ። ግን ይህን በረባሶ ለምን ታዞሪዋለሽ?»

«ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም፣ ጋሼ።»

የሌላው ጫማ ሁሉ አፍንጫ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አንድ የጎማ በረባሶ ብቻ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሯል፤ ከፎቶ ፎቶም ቀረብ፣ ቀረብ እያለ መጥቷል። በመጨረሻው ላይ ማሰሪያው ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። የሰፋችው ራሷ ናት። ወንድሟ ወንዴ በብልባላ መንገድ ገደል የገባ ለት አድርጎት ነበር የወጣው። አስከሬኑ ሲገኝ ግን እግሩ ባዶ ነበር።

ፎቶዎቹን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።

በረባሶው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጧል። አሁን አፍንጫው ወደ ቤት ነው። ከውስጥ ውኃ ሲንቆረቆር ይሰማል፤ የእናቷም ድምፅ።

«አምጣ እግርህን ልጠብልህ፣ ልጄ። ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?»