ቀይ የተቀቡት ሁለት ብሎኖች

«ሰው የሚያየውን አሳምር፤ እግዜር ብቻ የሚያየውን ግን አጥብቅ» ይል ነበር አባቱ። አባትየውም መካኒክ ነበር።

ልጅየው ግን አሁን ጋራዡ መሀል የቀይ ቀለም ብልቃጥ ይዞ ክው ብሎ ቆሟል...

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቀለም ደርቋል።

ነገሩ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

ያቺ ትንሽ አሮጌ መኪና ከግቢው ከወጣች ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላትም።

ሁለት ወር ለፍቶባታል። ሞተሯን አውርዶ፣ በታትኖ፣ እያንዳንዷን ዕቃ አጥቦ እንደ አዲስ ገጣጥሟታል። ዛሬ ጠዋት ካርቡሬተሯን ሲያስተካክልላት ድምጿ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ ነበር...

ባለቤቷ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ «እጅህ ይባረክ» ብለው ብቻቸውን ነድተዋት ሄዱ።

መካኒኩ አንድ ልማድ አለው። ፒስተኖቹን ከታች የሚይዙትን ስምንት ብሎኖች አንድ በአንድ ያጠብቃል። አንዱን ባጠበቀ ቁጥር ጫፉን ቀይ ይቀባዋል። ቀይ ከሆነ ጠብቋል ማለት ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠራ ተሳስቶ አያውቅም።

የዚህችን መኪና ሞተር የገጠመ ቀን ግን ቀለሙ እየጓጎለ አስቸገረው። «ሳይደርቅብኝ ልጨርሰው» አለና ስምንቱንም አስቀድሞ ቀባ።

ከዚያ ማጥበቅ ጀመረ። አንድ... ሁለት... ስድስት ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ ባለ ብየዳው ጠራው።

«እባክህ ና ይችን በር አንሳልኝ፣ ወገቤ ሊበጠስ ነው።»

አንስቶለት ሲመለስ ስምንቱም ቀይ ነበሩ።

ሞተሩን ዘጋው።

አሁን ብልቃጡን ጥሎ ስልኩን አወጣ። የላላ ብሎን ከተማ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲነዱ ዝም ሊል ይችላል። ሽማግሌው የሚሄዱት ግን በተራራው ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ሞተሩ ቢሰበር... ጎማው ተቆልፎ መኪናዋ ወደ ገደሉ ብትዞር...

ሐሳቡን መጨረስ ፈራ።

ስልክ ደወለላቸው።

ስልኩ እዚያው ጋራዡ ውስጥ፣ ጨርቅ ስር ጮኸ። ረስተውት ሄደዋል።

ባለ ብየዳው ብቅ አለ። «ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል።»

ነገረው።

ባለ ብየዳው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ... አጥብቀኸው ይሆናል። ባታጠብቀውስ? የአርባ ዓመት ሞተር ነው። ቢሰበር እርጅና ነው የሚባለው። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንተማ ራስህን ከሰህ ራስህ ላይ ትመሰክራለህ። ነገ ወሬው ሲሰማ መኪናውን ማን ያመጣልሃል? ልጆችህን ብረት ልታበላቸው ነው?»

እውነቱን ነው። የዚህች ጋራዥ ሀብቷ ስሟ ብቻ ነው።

መካኒኩ «ሞተር ሳይክልህን ስጠኝ» አለው።

«ፍሬኑ ደህና አይደለም እኮ።»

«እኔ የሰጠኋቸውም መኪና ደህና አይደለችም።»

የሽማግሌውን ስልክ ኪሱ ከቶ፣ መፍቻዎቹንና ባልዲውን ከኋላው አስሮ በረረ።

መንገዱን ሙሉ ጸሎቱ አንድ ነበር። «አምላኬ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሳይደርሱ... ቁልቁለቱ ላይ ሳይደርሱ...»

ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር ልቡ ቀጥ ትላለች። አንዱ ጋ የአውቶብስ ሰልፍ ነው። ሌላው ጋ ሽንኩርት እየተራገፈ ነው። አልፎ ይተነፍሳል... ደግሞ ይፈራል።

የቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መኪናዋን አያት። ዳር ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ተቀምጠዋል።

ሲያዩት መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ስልኬን ይዘህልኝ መጣህ? ለአንድ ስልክ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ? እንዳንተ ያለ ታማኝ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ...

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። «አዎ» ቢል ተመርቆ ይመለሳል። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«አባቴ፣ ይውረዱ» አለ። «ሁለት ብሎን ሳላጠብቅ የሰጠሁዎት ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ከመኪናዋ ወረዱ።

ስድቡን እየጠበቀ ከመኪናዋ ስር ገባ። ዘይቱን ባልዲው ውስጥ አፈሰሰ። የሞተሩን ሆድ ከፈተ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካቸው።

ስድስቱ እንደ ድንጋይ ናቸው።

ሁለቱ በጣቱ ዞሩ።

ሲወጣ ሽማግሌው መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ...

ወዳጆቼ፣ ስህተት የማንንም ደጅ ሳያንኳኳ አያልፍም። ሰው የሚጠፋው «ማን ያውቃል?» ብሎ ዝም ያለ ቀን ነው። ፍርሃት እንደሆነ ተናገርክም ዝም አልክም አይለቅህም፤ የተናገርክ ዕለት ግን ቢያንስ ሰው ይተርፋል።

እናንተ ብትሆኑ ስልኩን ብቻ ሰጥታችሁ ትመለሱ ነበር? ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ያሉትን ስሙ፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው፦

«ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም መካኒክ ነበርኩ። የዚህችኑ መኪና ሞተር ገጥሜ ለአንድ ወጣት ሰጠሁት። ከሄደ በኋላ ብሎኖቹን ማጥበቄን ተጠራጠርኩ... እኔ ግን አልሮጥኩም። ወጣቱ እዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተ። መኪናዋን ከእናቱ ገዛኋት፤ ለምን እንደገዛኋት ግን አልነገርኳትም። ዛሬ ልመልስላትና እውነቱን ልነግራት ወጥቼ፣ እዚህ ስደርስ ፈርቼ ቆምኩ። በል እነዚህን ሁለቱን አጥብቅልኝ፣ ልጄ... እስከ በሯ ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»